ድርሰት በየትኛው መንገድ እናስተምር? ውጤት ተኮር፣ ሂደት ተኮርና ዘውግ ተኮር ዘዴዎች በጎጃም ክፍሎች ሲመዘኑ

«ስንቅ ማለት ተማሪ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ምግብ ነው። ስንቅ ለተማሪ በጣም ጠቃሚ ነው። ስንቅ ከሌለ መማር አይቻልም። ስለዚህ ስንቃችንን በአግባቡ መጠቀም አለብን።»

ይህን የጻፈችው ከደምበጫ ወጣ ካለ ቀበሌ መጥታ፣ ከተማ ውስጥ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር የ9ኛ ክፍል ልጅ ናት። የእጅ ጽሑፏ ንጹሕ ነው፤ አራት ነጥቡም በየቦታው አለ። ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ ከ10 ሰባት ልሰጣት ነበር። ከጎኗ የተቀመጠችው ልጅ ግን ወረቀቱን አነበበችና «ሐሙስ ሲያልቅብሽስ?» አለቻት። ልጅቷ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ ከጀርባው መጻፍ ጀመረች።

«ሐሙስ እንጀራው ያልቃል። እምየ እሑድ ስምንት እንጀራ ትጠቀልልልኛለች። እንዳይሻግት ረቡዕ ጠዋት የቀረውን ቆራርሰን ማዳበሪያ ላይ እናሰጣለን። ሐሙስ ድርቆሽ ነው፤ በርበሬ ካለ በበርበሬ፣ ከሌለ በውኃ። ዓርብ ከሰዓት ሒሳብ አይገባኝም፤ መንገዱን እያሰብሁ ነው።»

ሁለቱም የአንድ ልጅ ጽሑፎች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለፈውም ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ነጥብ ሰጥቼበት ብመልስላት ኖሮ ሁለተኛው አይጻፍም ነበር። ይህን ንጽጽር የጻፍሁት እንደ እኔ አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ ለሚያስተምሩ፣ ስልሳ ስልሳ አምስት ልጅ በአንድ ክፍል ይዘው «የድርሰት ክፍለ ጊዜውን ምን ላድርገው?» ለሚሉ ባልደረቦቼ ነው። ፍርዴን ከመነሻው ልናገር። ግንዱ ተማሪው እየጻፈና እየከለሰ የሚማርበት ሂደት ተኮር ዘዴ ይሁን፤ ሌሎቹ ሁለቱ፣ ናሙና የሚያስመስለው ውጤት ተኮርና የጽሑፍ ዓይነቶችን የሚያስተምረው ዘውግ ተኮር፣ እንደ ልጆቹ እንቅፋት ይግቡበት። ሂደቱን ግን መጽሐፉ ላይ እንዳለ ሳይሆን ለክፍላችን ልክ አድርገን መስፋት አለብን።

ሦስቱ መንገዶች ከየት መጡ?

ውጤት ተኮሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የተማርነው በእሱ ነው። መምህሩ ናሙና አንቀጽ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ኃይለ ቃሉ፣ ማለትም ዋናውን ሐሳብ የያዘው ዐረፍተ ነገር፣ የቱ እንደሆነ፣ መሸጋገሪያ ቃላቱ የት እንዳሉ ያሳያል። ተማሪው ያንን አስመስሎ ይጽፋል፣ ይታረማል፣ ነጥብ ይሰጠዋል። ሐሳቡ ከየት እንደሚመጣ፣ ጽሑፉ እንዴት እንደሚሻሻል ማንም አይጠይቅም።

ሂደት ተኮሩ መነሻው አሜሪካ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ጃኔት ኤሚግ የምትባል ተመራማሪ ስምንት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን እየጻፉ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ አድርጋ አጠናች። ልጆቹ የሚጽፉት የትምህርት መጻሕፍቱ እንደሚሉት መጀመሪያ ቢጋር (የሐሳብ ዝርዝር) አውጥተው፣ ከዚያ ያንን ተከትለው አልነበረም። በዓመቱ ዶናልድ መሪ የሚባል ጋዜጠኛና መምህር ያለቀውን ጽሑፍ ማረም ትተን አጻጻፉን እናስተምር ብሎ ተከራከረ። በ1981 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሊንዳ ፍላወርና ጆን ሄይስ ጸሐፊ ሲጽፍ ማቀድ፣ ሐሳብን ወደ ቃል መመለስና ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት እየተፈራረቁ እንደሚመጡበት አሳዩ። አንዱ አልቆ ሌላው የሚጀምር አይደለም።

ይህ ነጥብ ለእኛ በጣም ያስፈልገናል። ብዙ ጊዜ ሂደት ተኮር ዘዴ ሲባል «ቅድመ ጽሕፈት፣ ረቂቅ፣ ክለሳ፣ አርትዖት፣ ማሳተም» ተብሎ ሰሌዳ ላይ ይጻፍና ልጆች በቃል ያጠኑታል፤ ፈተናም ይወጣበታል። አምስቱን ደረጃ በቃሉ የሚያውቅ፣ አንድም ጊዜ ግን የጻፈውን መልሶ ያልጻፈ ተማሪ አለ። ይህ ዘዴውን ስሙን ብቻ ይዞ መቅረት ነው።

ዘውግ ተኮሩ ከሁለቱ በኋላ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ፣ ሲድኒ ላይ እነ ጂም ማርቲንና ጆአን ሮዘሪ ያሳደጉት ነው። ልጆች የሚጽፉትን ሲመለከቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ያጋጠማቸውን መተረክ ነበር፤ ዘገባ፣ ማብራሪያ፣ ክርክር የሚጽፍ እምብዛም የለም። ስለዚህ መምህሩ የጽሑፉን ዓይነት ናሙና ከተማሪዎቹ ጋር ይፈታታል፣ አብረው ሰሌዳ ላይ አንድ ይጽፋሉ፣ በመጨረሻ ተማሪው ብቻውን ይጽፋል። በአሜሪካም ሊዛ ዴልፒት የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት መምህርት በ1988 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ቅሬታ አነሣች። የጽሑፍን ሕግ ከቤታቸው ይዘው ላልመጡ ልጆች «የመሰለህን ጻፍ» ብሎ መተው እነሱን መጉዳት ነው፤ ሕጉ በግልጽ ይነገራቸው አለች።

ይህን ሁሉ እኛ የምናውቀው በሌላ ስም ነው

ብዙ ባልደረቦቼ ሂደት ተኮር ዘዴ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ለእኛ አይሆንም ይላሉ። ጎጃም ተቀምጦ ይህን ማለት ይከብዳል። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ አገር ናቸው፤ ቅኔ ቤት ደግሞ ድርሰት የሚማሩበት ቤት ነው። ተማሪው ግስና አገባብ ያጠናል፤ የኔታ ሲቀኙ ይሰማል፤ ከዚያ ብቻውን ዛፍ ሥር ወይም ዱር ገብቶ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል። ቆጥሮ ሲጨርስ ቀርቦ ለየኔታ ይነግራል፤ ይህ ነገራ ይባላል። የተወላገደው ይቃናለታል፤ ያልሆነው ይጣልበታል፤ ተመልሶ ይቆጥራል። ቀደም ያሉት ተማሪዎችም የጀማሪዎቹን እየሰሙ ያቃናሉ።

ልብ ብላችሁ እዩት። ብቻውን የሚቆጥርበት ሰዓት ቅድመ ጽሕፈትና ረቂቅ ነው። ነገራው የቃል ምክክር ነው። የቀደመው የኋለኛውን መስማቱ የአቻ ግምገማ ነው። በዚያ ላይ ዘውጉ የታወቀ ነው፤ ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔ ሁለት ቤት (ስንኝ)፣ መወድስ የሚባለው ስምንት ቤት ነው፤ ልጁ ከትንሹ ጀምሮ ወደ ትልቁ ይወጣል። የኔታ የተቀኙት ደግሞ ናሙናው ነው። ሦስቱም ዘዴዎች አንድ ጎጆ ውስጥ ተስማምተው ኖረዋል። ቅኔ ቤት ውስጥ የጎደለው ብዕር ብቻ ነው፤ ሥራው በቃል ነውና። የትምህርት ቤቱ ክፍል ደግሞ ብዕሩን ይዞ ቆጠራውንና ነገራውን ጥሏል።

እንቅፋቱ የት ላይ ነው?

የትኛውን ዘዴ ልጠቀም ብሎ ከመወሰን በፊት ልጆቹ የሚወድቁበትን ቦታ ማወቅ ይሻላል። እኔ መስከረም ላይ አንድ ነገር አደርጋለሁ። «ዛሬ ጠዋት ከተነሣህበት እስከ ክፍል ድረስ ያየኸውን ጻፍ» ብዬ አሥራ አምስት ደቂቃ እሰጣለሁ። ነጥብ የለውም። ወረቀቶቹን ሰብስቤ ቤቴ ወለል ላይ ሦስት ክምር አደርጋቸዋለሁ።

አንደኛው ክምር እጁ የሚይዘው ልጅ ነው። በአሥራ አምስት ደቂቃ ሁለት መስመር ጽፏል፤ ፊደል ይገድፋል፤ ዐረፍተ ነገሩ የት እንደሚያልቅ አያውቅም። ይህ ክምር ባለፉት ዓመታት በጣም አድጓል፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው የከረሙ፣ ክፍል ዘልለው የመጡ ልጆች አሉና። ለእነዚህ ውጤት ተኮሩ ዘዴ አይናቅም። ከጥሩ አንቀጽ መገልበጥ፣ የተጓደለ ዐረፍተ ነገር መሙላት፣ በቃል የተነገረን መጻፍ እጅን ያፍታታል። በቀን አሥር ደቂቃ ለስድስት ሳምንት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ካቆየናቸው መገልበጥ መጻፍ ይመስላቸዋል።

ሁለተኛው ክምር እጁ የሚሮጥ፣ ነገር ግን የሚናገረው የጠፋበት ልጅ ነው። «ጠዋት ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብሁ። ቁርሴን በላሁ።» የስንቋ ልጅ ከዚህ ናት። እኔ ባስተማርሁባቸው ክፍሎች ትልቁ ክምር ሁልጊዜ ይህ ነው። ሐሳብ ስለሌላቸው አይደለም። ለትምህርት ቤት የሚጻፍ ነገር «ጠቃሚ ነው፣ ስለዚህ አለብን» እያለ መሄድ ያለበት ስለሚመስላቸው ነው፤ እኛ ነን ያስተማርናቸው። ለእነዚህ መድኃኒቱ ሂደት ተኮሩ ነው፤ ሌላ አላገኘሁም።

ሦስተኛው ክምር ሐሳብም እጅም ያለው፣ መልኩን ግን የማያውቅ ልጅ ነው። አንድ ልጅ ነበረኝ፤ ትረካው ያስለቅሳል። አባቱ የእርሻ መሬታቸው ድንበር ተገፍቶባቸው ለቀበሌ ማመልከቻ ጻፍልኝ አሉት። ልጁ አያቱ መሬቱን እንዴት እንዳቀኑት ጀምሮ ሁለት ገጽ ጻፈ፤ ገፋ የተባለው ሰው ስም የሚመጣው በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ነው። ለባለሥልጣን የሚቀርብ ጽሑፍ ቀኑ ከላይ ከቀኝ፣ ከዚያ «ለ» ተብሎ የሚቀርብለት አካል፣ ቀጥሎ «ጉዳዩ፦ የእርሻ መሬቴ ድንበር ስለመገፋቱ» የሚል አንድ መስመር እንዳለው፣ የይዞታ ደብተር ካለ የሚጠቀሰው መጀመሪያ ላይ እንደሆነ የነገረው ሰው የለም። ይህን ልጅ «ክለሰው፣ ስሜትህን አውጣ» ብንለው ምንም አይጠቅመውም። ሦስት ማመልከቻ አቅርቦ፣ ምን እንደሚያመሳስላቸው አብሮ ፈትቶ፣ አንዱን ከክፍሉ ጋር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ግን በአንድ ሳምንት ይለውጠዋል። የገበሬ ልጅ ማመልከቻ መጻፍ ከቻለ አባቱ ፍርድ ቤት በር ላይ ለራፖር ጸሐፊ አይከፍሉም። ዘውግ ተኮሩን ዘዴ የምወደው ለዚህ ነው።

የእርማቱ ሒሳብ

ሂደት ተኮሩን የሚገድለው የእርማቱ ብዛት ነው። እናስላው። 65 ልጅ፣ አራት ክፍል፤ 260 ወረቀት። ለአንዱ አምስት ደቂቃ ብቻ ብንሰጥ 1300 ደቂቃ፣ ማለትም 21 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ሦስት ረቂቅ ልረም ያለ መምህር 65 ሰዓት ያስፈልገዋል። ይህን ማንም አያደርገውም፤ ስለዚህ መምህሩ ወደ አንድ ወረቀት፣ አንድ ነጥብ ይመለሳል።

መውጫው መምህሩ ሁሉንም ረቂቅ ከማንበብ መቆጠቡ ነው። እኔ በሳምንት ከየክፍሉ 13 ደብተር ብቻ እወስዳለሁ፤ 52 ደብተር፣ አራት ሰዓት ከሃያ። በአምስት ሳምንት ሁሉም ልጅ አንድ ጊዜ ይደርሰዋል። የቀረውን የሚያነቡት ልጆቹ ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ምርጫ አለ፤ ልጆቹ እርስ በርስ ይታረሙ ወይስ ይጠያየቁ? በመጀመሪያ ዓመቴ እንዲተራረሙ አደረግሁ። ግማሾቹ በይሉኝታ «በጣም ጥሩ ነው» ብለው መለሱ። የቀሩት ሀሌታው ሀ በሐመሩ ሐ ምትክ ገባ ብለው የጓደኛቸውን ወረቀት በቀይ አበላሹት። አንድ ልጅ ወረቀቱን ቀዶ ጣለ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ምን እንደሚፈልጉ ሳልነግራቸው ነው የላክኋቸው። አሁን የምፈቅደው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። «የት ላይ ይበልጥ ማወቅ ፈለግሁ?» እና «የት ላይ ጠፋብኝ?» ስለ ፊደል መናገር እስከ መጨረሻው ረቂቅ ድረስ አይፈቀድም። ጥያቄ ይሉኝታን ያልፋል፤ ልጅ ጓደኛውን «ሐሙስ ሲያልቅብሽስ?» ብሎ ለመጠየቅ አያፍርም።

ፊደሉን ወደ መጨረሻ ማዘግየት ብዙ መምህራንን ያስከፋል። ምክንያቱን ናንሲ ሶመርስ በ1980 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ጥናት በደንብ ያሳያል። 20 የዩኒቨርሲቲ ጀማሪዎችንና 20 ልምድ ያላቸውን ጸሐፊዎች አወዳድራ፣ ጀማሪዎቹ መከለስ ሲባሉ ቃል መለወጥ ብቻ እንደሚመስላቸው፣ የበሰሉት ግን የጽሑፉን አካሄድ እንደገና እንደሚያዩ አሳየች። ቀይ እስክሪብቶ መጀመሪያ የሚያርፈው ፊደሉ ላይ ከሆነ እኛም ልጆቹን «ክለሳ ማለት ፊደል ማቃናት ነው» ብለን አስተማርናቸው ማለት ነው። ቃሉን አስተካክለው ያው ባዶ አንቀጽ ይመልሱልናል።

ሦስተኛው ምርጫ የክፍሉ ሁሉ ነገራ ነው። በሳምንት አንድ ረቂቅ፣ ባለቤቱ ፈቅዶ፣ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ክፍሉ ይጠይቃል፤ ባለቤቱ መልሶ ይጽፋል። 65 ልጅ አንድ ጽሑፍ ሲለወጥ ቆሞ ያያል። ጊዜ ላጠረው መምህር ከሁሉም የምመክረው ይህን ነው፤ ከጠመኔ በቀር ምንም አይፈልግም።

በአማርኛ ወይስ በእንግሊዝኛ?

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ባልደረቦቼ ሂደት ተኮሩ ለእነሱ እንደማይሆን ይነግሩኛል። ልጁ ቃል የለውም፣ ምን ይከልሳል ይላሉ። እውነት አለው፤ ግን ግማሹን ነው። ቪቪያን ዛሜል በ1983 እ.ኤ.አ. እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑ ስድስት ተማሪዎችን አጥንታ እነሱም እየጻፉ ሐሳባቸውን እንደሚያገኙ፣ ወደ ኋላ እየተመለሱ እንደሚሠሩ አሳይታለች። ስድስቱ ግን ቋንቋው ላይ የገፉ ነበሩ። የእኛን የ9ኛ ክፍል ልጅ በእንግሊዝኛ ብቻ ካሳሰብነው ሐሳቡ ሳይወለድ ይቀራል። የመጀመሪያው ረቂቅ፣ ቢያንስ ማስታወሻውና የጓደኛ ጥያቄው፣ በአማርኛ ይሁን። ሁለተኛው በእንግሊዝኛ ይጻፍ። እንግሊዝኛው ረቂቅ ያጥራል፤ ያጥር፤ ሐሙስና ድርቆሹ ግን ይተርፋሉ።

ጊዜና ነጥብ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ነው፤ ድርሰት አይጻፍበትም። ስለዚህ ወላጅም፣ ርእሰ መምህርም፣ ተማሪም የድርሰትን ሰዓት እንደ ትርፍ ያየዋል። ይህን መለወጥ ከእኔ አቅም በላይ ነው። የማደርገው በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ አርባ ደቂቃ፣ ሳይነካ ለጽሕፈት ማቆየት ነው። ልጁ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጽሑፍ ነው፤ ባይገባም የሥራ ማመልከቻ ይጽፋል።

ነጥቡን ለተከታታይ ምዘና ከ10 እንዲህ እከፍለዋለሁ፦ የመጀመሪያው ረቂቅ በመኖሩ ብቻ 2፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ለሚታየው ለውጥ 4፣ ለመጨረሻው ጽሑፍ 4። ለለውጡ ነጥብ ካልተሰጠ ልጁ የመጀመሪያውን በጥሩ እጅ ጽሑፍ ገልብጦ «ሁለተኛ ረቂቅ» ብሎ ያመጣል። ሁለቱ ረቂቆች ትይዩ ገጽ ላይ እንዲሆኑ የመጀመሪያው በግራ ገጽ ብቻ እንዲጻፍ፣ ቀኙ ለሁለተኛው ባዶ እንዲቀር አደርጋለሁ። ወረቀት ይበላል፤ ደብተር ለሚቸግረው ልጅ ከተጀመረ ደብተር የተረፈ ገጽ እሰፋለታለሁ።

ማሳተም የሚለው ደረጃ ብዙውን ጊዜ ይዘለላል፤ እኛ ጋ ማተሚያ የለም ይባላል። ሚኒ ሚዲያ አለን። በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያው የልጆቹ ጽሑፍ ይነበባል። አንባቢ አለ ማለት ክለሳው ምክንያት አገኘ ማለት ነው፤ ይህን ያየሁት ያችው የስንቋ ልጅ ላይ ነው። ተራዋ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው መጥታ «ቲቸር፣ ሒሳብ አይገባኝም የሚለውን ላውጣው? መምህሩ ይሰሙታል» አለችኝ። ጽሑፉ የአንቺ ነው፣ አንቺው ወስኚ አልኋት። በነጋታው ያመጣችው ረቂቅ ላይ ሒሳቡ የለም። «ዓርብ ከሰዓት ሰሌዳውን እያየሁ መንገዱን አስባለሁ» ብላዋለች፤ ከሥሩም ከዚያ በፊት ያልነበረ አንድ መስመር ጨምራለች፤ «እምየ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ከሩቅ ነጠላዋ ይታየኛል።»